ሒሳብ ማወቅና ሒሳብ ማስተማር

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአበው ቃል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሳይማር የተማረ መስሎ ለመታየት የሚሻውን ሰው ለመገሠጽ ነው። ነገር ግን ቃሉ ተግሣጽ ብቻ ሳይሆን የሥራ ሕግም ነው። ጥምጣም የመምህርነት ምልክት ነውና፣ ምልክቱ በራስ ላይ ከመታየቱ አስቀድሞ ምልክቱ የሚናገርለት ነገር በራስ ውስጥ ሊኖር ይገባል ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጥያቄም ከዚሁ ሕግ የሚወጣ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ለማስተማር የሚዘጋጀው ወጣት ከመጠምጠሙ በፊት ሊማረው የሚገባው ምንድን ነው?

ለዚህ ጥያቄ በአገራችን ሲሰጡ የኖሩት መልሶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ወገን «ሒሳብ የሚያውቅ ሁሉ ሒሳብ ማስተማር ይችላል፤ ስለዚህ ሒሳቡን አብዙለት፤ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «የለም፤ ማስተማር ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ስለዚህ የማስተማርን ዘዴና የልጆችን ጠባይ አስተምሩት፤ ሒሳቡን ከመጽሐፉ ያገኘዋል» ይላል። እኔ ግን ሁለቱም ስተዋል እላለሁ። የሳቱትም በያዙት ነገር ሳይሆን በተዉት ነገር ነው። በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ዕውቀት አለ። ይኸውም ፍጹም ሒሳብ የሆነ፣ ነገር ግን ከመምህር በቀር መሐንዲሱም ሆነ ነጋዴው፣ ተመራማሪውም ሳይቀር፣ ብዙ የማይፈልገው ዕውቀት ነው። ይህን ዕውቀት ያልያዘ ሰው ዲግሪው ምንም ያህል ከፍ ቢል ገና አልተማረምና፣ ጥምጣሙ ይቆየው።

ነገሩ የሊቃውንት የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል በመጀመሪያ ጉዳቱን እናስታውስ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ተማሪዎች ከተፈተኑት መካከል 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ቁጥሩ 3.2 ከመቶ ሆነ፤ በ2016 ዓ.ም. ወደ 5.4 ከመቶ ከፍ አለ። እነዚህ ቁጥሮች የሒሳብ ትምህርት ብቻ አይደሉም፤ ምክንያታቸውም አንድ ብቻ አይደለም። ይሁን እንጂ በእነዚያ ዓመታት ከመቶ ወጣቶች ዘጠና ሦስቱና ከዚያም የሚበልጡት አሥራ ሁለት ዓመት ተምረው ከደጃፉ ሲመለሱ፣ «ያስተማራቸውን ሰው እንዴት አዘጋጀነው?» ብሎ የማይጠይቅ ሕሊና ሊኖር አይገባም። ጥፋቱን ሁሉ በተማሪው ስንፍና ማሳበብ፣ ዘሩ ሁሉ ያልበቀለለት ገበሬ ማረሻውን ሳይመረምር መሬቱን እንደሚረግም ያለ ነው።

የመጀመሪያው አስተሳሰብ ከየት እንደ መጣ ማየት ይጠቅማል። በ1950ዎቹ ዓመታት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየጠቅላይ ግዛቱ እየተስፋፉ ሲሄዱ መምህር ታጣ። በ1955 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ ብዙዎቹም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሩ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ለአንድ ዓመት አቋርጠው በየጠቅላይ ግዛቱ ሕዝባቸውን እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ ከእነርሱም የሚበዙት በመምህርነት ተመደቡ። እነዚያ ወጣቶች የፈጸሙት አገልግሎት በክብር የሚታወስ ነው። መምህር በሌለበት አገር ያወቀውን ሁሉ ማሰማራት ብልኅነት እንጂ ስሕተት አይደለም። ስሕተቱ የመጣው በኋላ ነው። ችግር የወለደው ዘዴ ቆይቶ ልማድ ሆነ፤ ልማዱም ውሎ አድሮ እንደ ሕግ ተቆጠረ። «ሌላ ሰው ስለሌለ እርሱ ያስተምር» የተባለው ቃል ሳይታወቅ «ማንም ያወቀ ያስተምር» ወደሚል ቃል ተለወጠ።

ከዚያም ወዲህ ሚዛኑ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ለውጥ ለማስተማር ዘዴና ለትምህርት ቤት ልምምድ ሰፊ ቦታ ሰጠ። የዲግሪው ጊዜ ከአራት ወደ ሦስት ዓመት ባጠረበት በዚያ ወቅት «የሚያስተምሩት የትምህርት ዓይነት ተጎዳ» የሚል ቅሬታ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ሌላ መንገድ ተያዘ። ዕጩው አስቀድሞ በትምህርቱ ዓይነት የመጀመሪያ ዲግሪ ይይዝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የማስተማርን ሙያ ለአንድ ዓመት ተምሮ የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ይቀበል ነበር። በፊተኛው ሥርዓት ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ ከረጢት ተከተቱ፤ በኋለኛው ሥርዓት አንዱ ከሌላው ቀጥሎ መጣ። ነገር ግን በአንድ ከረጢት የተከተቱ ዱቄትና ውሃ ሰው እጁን አግብቶ ካላቦካቸው ሊጥ አይሆኑም። ተራ በተራ ቢመጡም እንዲሁ ነው።

ይህ ቡኮ የምለው ሦስተኛው ዕውቀት ምን እንደ ሆነ በምሳሌ ላሳይ። አንድ ተማሪ ሀ እና ለ ተደምረው በራሳቸው ሲባዙ ውጤቱ የሀ ካሬና የለ ካሬ ድምር ነው ብሎ ይጽፋል። ይህ ስሕተት የሒሳብ መምህር በሥራ ዘመኑ ሁሉ ሲያገኘው የሚኖር ስሕተት ነው። ሒሳብ ብቻ የሚያውቀው መምህር ቀይ መስመር ያሠምርበትና ትክክለኛውን ቀመር በሰሌዳው ላይ ይጽፋል። ዘዴ ብቻ የሚያውቀው ልጁን እንዳያሳፍረው ተጠንቅቆ፣ በመልካም ፊት፣ ያንኑ ቀመር ይጽፍለታል። ልጁም በማግሥቱ ያንኑ ስሕተት ይደግማል። የተዘጋጀው መምህር ግን የልጁ ስሕተት ምክንያት ያለው መሆኑን ያውቃል። ልጁ አንድን ቁጥር በድምር ላይ ሲያባዛ ለእያንዳንዱ ማከፋፈልን ተምሯልና፣ ካሬንም እንደዚያው ያከፋፈለው መስሎታል። ስለዚህ መምህሩ ጎኑ 3 ሜትርና 4 ሜትር ተደምሮ 7 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ጓሮ ያስሥለዋል። የጓሮው ስፋት 49 ካሬ ሜትር ነው። ልጁ የቆጠረው ግን 9 እና 16፣ ይኸውም 25 ብቻ ነው። የጠፋው 24 ካሬ ሜትር የት ሄደ? ልጁ ሥዕሉን አይቶ እያንዳንዳቸው 3 በ4 የሆኑ ሁለት መደቦች ሳይቆጠሩ መቅረታቸውን በገዛ ዐይኑ ያገኛል። የአባቱን ጓሮ ግማሽ ያህል በስሕተት ለሰው እንደ ሰጠ ያየ ልጅ ቀመሩን ዳግመኛ አይረሳውም።

እዚህ ላይ መምህሩ የተጠቀመበት ዕውቀት የዩኒቨርሲቲ ሒሳብ አይደለም፤ ጠቅላላ የማስተማር ዘዴም አይደለም። ስሕተቱ እንደሚመጣ አስቀድሞ ማወቅ፣ ከየት እንደሚመጣ መረዳት፣ የሚያፈርሰውንም ምሳሌ አዘጋጅቶ መጠበቅ ነው። ይህ ዕውቀት በሐሳብ ድንገት አይወለድም፤ እንደ ማናቸውም ዕውቀት ይጠናል።

«እንዲህ ያለውን ቀላል ነገር ዲግሪ የያዘ ሰው መች ያጣዋል?» የሚል ቢኖር፣ ሊፒንግ ማ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመችው መጽሐፍ የገለጸችውን ይመልከት። ለ23 የአሜሪካና ለ72 የቻይና የአንደኛ ደረጃ መምህራን ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ 1¾ ለ½ ሲካፈል ስንት ይደርሳል የሚል ነበር። በተጨማሪም ለዚህ ሒሳብ የሚስማማ የኑሮ ታሪክ እንዲፈጥሩ ተጠየቁ። ከ72ቱ ቻይናውያን ሒሳቡን ያልሠራ አልነበረም፤ ከ23ቱ አሜሪካውያን ግን እስከ መጨረሻው በትክክል የሠሩት 9 ብቻ ነበሩ። ትክክለኛ ትርጉም ያለው ታሪክ በመፍጠርም ከቻይናውያኑ 65 ሲሳካላቸው ከአሜሪካውያኑ የተሳካለት 1 ብቻ ነበር። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው። በትምህርት ቤት የቆዩበት ዘመን ሲቆጠር አሜሪካውያኑ 16 እስከ 18 ዓመት ሲሆን፣ ቻይናውያኑ 11 ወይም 12 ዓመት ብቻ ነበር። እንግዲህ ልዩነቱን ያመጣው የዓመታት ብዛት አይደለም። በጥቂቱ ዓመት የተማሩት የሚያስተምሩትን ነገር ራሱን፣ ከሥሩ እስከ ቅርንጫፉ፣ ከባልንጀሮቻቸው ጋር እየመከሩ ሲያጠኑ በመኖራቸው ነው።

ጥያቄውን ወደ አገራችን አምጥተን አንባቢ ራሱን እንዲመረምር እጋብዛለሁ። «ሁለተኛውን ክፍልፋይ ገልብጠህ አባዛ» የሚለውን ሕግ ሁላችንም ተምረናል። ለምን እንደሚገለበጥ ግን ስንቶቻችን እንናገራለን? አንድ ኩንታል ከሦስት ሩብ ጤፍ ያለው ሰው ግማሽ ግማሽ ኩንታል በሚይዝ ከረጢት ቢሰፍረው ሦስት ከረጢት ሞልቶ አራተኛው እስከ ግማሹ ይደርሳል። ከአንዱ ኩንታል ሁለት ከረጢት ይወጣልና፣ ለግማሽ ማካፈል በሁለት እንደ ማባዛት የሆነው ስለዚህ ነው። ይህን መናገር የማይችል መምህር ለተማሪው የሚያወርሰው ዕውቀትን ሳይሆን ትእዛዝን ነው። በትእዛዝ የተማረ ልጅም ትእዛዙ በተምታታበት ቀን የሚመለስበት ቦታ የለውም።

ይህን ክፍተት የጀርመኑ የሒሳብ ሊቅ ፌሊክስ ክላይን እ.ኤ.አ. በ1908 ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን ባሳተመው መጽሐፉ መግቢያ አመልክቶት ነበር። ወጣቱ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በትምህርት ቤት የተማረውን ሒሳብ እንዲረሳ የሚያደርግ ሌላ ዓለም ይገጥመዋል፤ ተመርቆ መምህር ሲሆን ደግሞ የዩኒቨርሲቲውን ትቶ ልጅ ሳለ በተማረበት በዚያው በአሮጌው መንገድ ያስተምራል። እንዲህ ሆኖ መንገዱ ሁለት ጊዜ ይቆረጣል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ የእኛም ዕጩ መምህር ዛሬ በዚሁ በተቆረጠ መንገድ ይሄዳል። ካልኩለሱንና ረቂቁን አልጀብራ ያጠናል፤ ነገር ግን የ9ኛ ክፍልን መጽሐፍ በዐዋቂ ዐይን ገልጦ «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ እንዲመረምር የሚያስገድደው ትምህርት አያገኝም፤ ወይም እምብዛም አያገኝም።

ሒሳብ ማወቅ ብቻውን ለማስተማር ቢበቃ ኖሮ አንድ ሌላ ሙከራ በበቃን ነበር። በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ገደማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን ለመላው አገር መሰጠት ጀምሮ ነበር። በመስኮቱ ውስጥ የሚታየው አስተማሪ ትምህርቱን አሳምሮ ያውቃል፤ ሥዕሉም ግሩም ነው። ነገር ግን በመስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው የተማሪውን ፊት አያይም፤ ጥያቄ ጠይቆ እስኪመለስለት የሚጠብቀው በሰዓት ተቆጥሮ ነው። ያልገባው ልጅ እጁን ቢያነሣ የሚያየው የለም። በክፍሉ የተገኘው መምህርም ከፊትና ከኋላ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይተዉለት ነበር። ሙከራው ያስተማረን ነገር ቢኖር ማስተማር ዕውቀትን ወደ ውጭ መላክ ብቻ አለመሆኑን ነው። የመምህሩ ሥራ ግማሽ መናገር ከሆነ ሌላው ግማሽ መስማት ነው። መስማትም ሥልጠና ይፈልጋል፤ ይልቁንም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡን በእንግሊዝኛ የሚማረውን ልጅ ለሚሰማ መምህር። ልጁ የሳተው ሒሳቡን ይሁን ቋንቋውን መለየት ለእንዲህ ያለው መምህር የመጀመሪያ ተግባሩ ነው።

ይህን ሁሉ ከባሕር ማዶ ልንበደረው የሚገባ አዲስ ነገር አድርገን ማየት አያስፈልግም። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን የቅኔ ተማሪ ቅኔ ስላወቀ ብቻ መምህር አይባልም። ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን እያስተማረ፣ መምህሩም እያየና እያረመ፣ ዓመታት ይቆያል። በመጨረሻም በሊቃውንት ፊት ያስመሰክራል። ያላስመሰከረ ወንበር አይዘረጋም። ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ከዚህ የቀደመ ሥርዓት ብዙ ነገር ተወ፤ ከተወው ሁሉ የሚያስቆጨኝ ይህ ማስመስከር ነው።

በዚያው ቤት የሚቆጠረው ባሕረ ሐሳብም ለሒሳብ መምህር ታላቅ መዝገብ ነው። የ2018 ዓ.ም.ን በዓላትና አጽዋማት ለማውጣት 5500 ተጨምሮበት 7518 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ ከ13 አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ተባዝቶ 132፣ ለ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12 ይሆናል። 12 በ19 ተባዝቶ 228፣ ለ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይሆናል። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ናቸው፤ በማናቸውም ዓመት ቢሰላ እንዲሁ ነው። ለምን? 11 እና 19 ተደምረው 30 ስለሚሆኑ፣ ወንበሩ ማንኛውም ቁጥር ቢሆን የሁለቱ ብዜቶች ድምር ለ30 ያለ ትርፍ ይካፈላል። በዩኒቨርሲቲ በባዕድ ስም የተማረው የቀሪ ሒሳብ በአያቱ ቤት ሲቆጠር እንደ ኖረ ያልተረዳ መምህር፣ ለተማሪዎቹ ሒሳብን የሩቅ አገር ዕቃ አድርጎ ቢያቀርብ ምን ያስደንቃል?

አሁን የሚቀርቡብኝን ተቃውሞዎች ልስማ። አንዱ «አገሪቱ ብዙ መምህር በቶሎ ትፈልጋለች፤ እንዲህ ያለ ዝግጅት ጊዜ ይፈጃል» ይላል። እኔ የዓመት ጭማሪ አልጠየቅሁም፤ ያለው ዓመት በምን እንደሚውል ጠየቅሁ እንጂ። ደግሞም በቶሎ የተመረቀው መምህር ሠላሳ ዓመት ያስተምራል። በአንድ ሴሚስተር ጥድፊያ የተቆጠበው ጊዜ በሠላሳ ዓመት የተማሪ ኪሳራ ይከፈላል።

ሌላው «አስቀድማችሁ ደመወዙን አስተካክሉ፤ ሆዱ ያልጠገበ መምህር ስለ ከረጢትና ስለ ጓሮ አይጨነቅም» ይላል። ቃሉ እውነት አለው፤ መምህር በክብር ሊኖር ይገባል። ነገር ግን ደመወዙ ነገ በእጥፍ ቢያድግ ክፍልፋይ ለምን እንደሚገለበጥ ለማያውቀው አያሳውቀውም። ይልቁንም ነገሩን ገልብጠን እንየው። ማንም ሊሠራው ይችላል የተባለ ሥራ ማንም ሊከፍልበት አይወድም። ሐኪም የሚከበረው ያልተዘጋጀ ሰው ቢላዋ እንዳይጨብጥ ስለሚከለከል ነው። «ሌላ ያጣ መምህር ይሆናል» የሚለውን ንቀት ከሥሩ የሚነቅለው ልመና ሳይሆን በሩን በእውነተኛ ዝግጅት መጠበቅ ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። መምህራንን ለሚያሠለጥኑና ለሚያስተዳድሩ ሹማምንት፦ የሁለተኛ ደረጃው ሒሳብ ራሱ፣ ከነምክንያቱና ከነተለመዱት ስሕተቶች፣ በዩኒቨርሲቲ የሙሉ ዓመት ዋና ትምህርት ይሁን፤ የሚያስተምሩትም ሒሳቡንም ክፍሉንም የሚያውቁ ሰዎች ይሁኑ። ዕጩውም ጥቂት ሳምንታት በትምህርት ቤት ጎብኝቶ ከመመለስ ይልቅ፣ ልምድ ባለው መምህር ዐይን ሥር አንድ ዓመት አስተምሮ በባለሙያዎች ፊት ያስመስክር። የሚቀበለው ባለ ልምድ መምህርም ለድካሙ ሰዓትና ዋጋ ይሰጠው፤ እንዲሁ በትእዛዝ የተጫነ ሸክም አይሁንበት።

በሥራ ላይ ላላችሁ መምህራን፦ ጃፓናውያን መምህራን አንዲትን የትምህርት ሰዓት በጋራ አዘጋጅተው፣ አንዱ ሲያስተምር ሌሎቹ የተማሪውን ሁኔታ ተመልክተው፣ በኋላ በአንድነት መክረው ማረም ከጀመሩ ረጅም ዘመን ሆኗቸዋል። ለዚህ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የክፍልን በር ለባልንጀራ መክፈት ነው። በራችንን ዘግተን የምናስተምር ከሆነ ስሕተታችንም ከእኛ ጋር ይዘጋል።

መምህር ለመሆን ለምትዘጋጁ ተማሪዎች፦ ሥርዓቱ እስኪሻሻል ድረስ አትጠብቁ። ዛሬውኑ አንድ ደብተር ግዙና «የስሕተት መዝገብ» ብላችሁ ሰይሙት። የታናሽ ወንድማችሁን፣ የጎረቤታችሁን ልጅ፣ የምታስጠኑትን ተማሪ ስሕተት በቀኝ ገጽ ጻፉ። በግራ ገጽ ልጁ እንዲያ ያሰበበትን ምክንያት ጻፉ። ከሥር ደግሞ ስሕተቱን የሚያፈርሰውን አንድ ምሳሌ ጨምሩ። ከዜሮ በታች የሆኑ ሁለት ቁጥሮች ሲባዙ ለምን ከዜሮ በላይ እንደሚሆን፣ ለዜሮ ማካፈል ለምን እንደሚከለከል፣ ማናቸውም ቁጥር ለዜሮ ኃይል ሲነሣ ለምን አንድ እንደሚሆን፣ ዜሮ ራሱም ለምን ከዚህ ሕግ እንደሚለይ፣ ለሥራችሁ የመጀመሪያ ቀን ሳይሆን ለዛሬ ማታ መልሱን አዘጋጁ። መልሱን ካጣችሁ አትፈሩ፤ ያጣችሁት ነገር የምትጀምሩበትን ቦታ ያሳያችኋል። በአራት ዓመት የሞላ እንዲህ ያለ ደብተር ይዞ ወደ ክፍል የሚገባ ወጣት፣ ከፊቱ የተቀመጡት ልጆች ገና ሳይናገሩ የሚያስቸግራቸውን ያውቃል። ልጆቹም ይህን ለመረዳት ከአንድ ሳምንት በላይ አይወስድባቸውም።